«ጭብጡ ፍቅር ነው» ብላችሁ አትለፉ፦ ከልቦለድ ውስጥ ጭብጥንና ማንነትን እንዴት እናውጣ?

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዘን ስለ መጽሐፍ እናወራለን። ስድስት ሰባት ሰው እንሆናለን። ብርዱ እንዳይገባ በሩ ገርበብ ይላል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ በጣርማበር በኩል የመጣ ሰው ካለ ከደብረ ሲና ቆሎ ይዞልን ይመጣል። አንድ ቅዳሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ተቀላቀለችን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጨርሳ ነው የመጣችው። መጨረሻው ላይ አልቅሳለች። ጭብጡ ምንድን ነው ስንላት «ፍቅር» አለች። ከዚያ ዝም።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። እንዴት እንደሚደረግ ያሳያት ሰው የለም እንጂ። እኔም በእሷ ዕድሜ እያለሁ ጭብጥ ማለት አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው አንድ ቃል ይመስለኝ ነበር። «ፍቅር»፣ «ክህደት»፣ «ጭቆና»። ገልብጠን እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እንተፋዋለን፣ በቃ። መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ያገኛል። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለእሷና እንደ እሷ መጽሐፍ ወደው ቃል ለሚያጥራቸው ነው። የምለው ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፦ ጭብጥ ከውጭ ተሸክመን መጽሐፉ ላይ የምንጭነው ነገር አይደለም። ከውስጥ፣ ከሰዎቹ ስም፣ ከአነጋገራቸው፣ ከሚቀመጡበት ቦታ እየለቀምን የምናወጣው ነው። ደግሞም የሰዎቹን ማንነት በደንብ ሳናይ ጭብጡን አናገኘውም። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ ነው የሚሠሩት።

አንድ። ሁለት ጊዜ አንብቡ

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው አንብቡ። እርሳስ አትያዙ። ሳቁ፣ ተናደዱ፣ ሌሊቱን አምሹ። መጽሐፍ መጀመሪያ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ግን በእርሳስና በደብተር አንብቡ። ጊዜ ካነሰ ሙሉውን መድገም ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ የመጨረሻውን፣ እና መሀል ላይ ልባችሁን የያዘውን ቦታ ድገሙ። መጨረሻውን አውቃችሁ መጀመሪያውን ስታነቡ ደራሲው ከገጽ አንድ ጀምሮ ምን እያዘጋጀ እንደነበር ይታያችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ የገጽ ቁጥር ጻፉ። «የሆነ ቦታ ላይ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ክርክር አያሸንፍም።

ሁለት። ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ሂዱ

«ጭብጥ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይነግረናል። ከመጨበጥ የመጣ ነው። እናቶቻችን አንድ ጭብጥ ጥሬ ሲሉ በእጅ መዳፍ የሚያዘውን ያህል ማለታቸው ነው። «ፍቅር» ብቻውን አይጨበጥም፣ ሜዳ ነው። ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ጭብጥ አይደለም። ጭብጥ የሚሆነው መጽሐፉ ስለ ፍቅር ምን እንደሚል ስትናገሩ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ርዕሰ ጉዳዩን ጻፉ። ቀጥሎ «ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «በምን ምክንያት?» በሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ሰብለ ወንጌል የምታገባው ያጣችው ጠያቂ ስለሌላት አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ሰው የለም ብለው ነው። በዛብህ ደግሞ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ገና ከመገናኘታቸው በፊት ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል። አሁን ዓረፍተ ነገሩን እንሞክር፦ «ሰው ማን እንደሚሆን ወላጅና ዘር አስቀድመው በሚወስኑበት ዓለም፣ የራስን ምርጫ መምረጥ ሕይወትን ያስከፍላል።» ይሄ ይጨበጣል።

ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሁለት ፈተና አለ። አንደኛ፣ አንድ አስተዋይ ሰው «አይ፣ እኔ አልስማማም» ሊላችሁ ይችላል? ማንም የማይቃወመው ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «ፍቅር ጥሩ ነው»፣ ምንም አላለም። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጣታችሁን ልታሳርፉበት ትችላላችሁ? አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ሦስት። ማንነትን በአራት ጥያቄ ፈልጉ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። አሁን አሁን «ማንነት» ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ብሔር ይሄዳል። ልቦለድ ውስጥ ማንነት ከዚያ ይሰፋል። ዕድሜ አለ፣ ሴትነትና ወንድነት አለ፣ ሃይማኖት፣ ትምህርት፣ ሀብት፣ ሥራ፣ ደገኛነትና ቆለኛነት አለ። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው ይጣሉበታል። ታሪኩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ጠብ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማን ብለው ይጠሩታል? የኛ ደራሲዎች ስም በዘፈቀደ አያወጡም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ የወጣው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። ዋናዋ ልጅ ጦቢያ ትባላለች። ጦቢያ ደግሞ ሕዝቡ ኢትዮጵያን የሚጠራበት ስም ነው። የልጅቷን ዕጣ ስታነቡ የአገሪቱንም ዕጣ እንድታስቡ ከስሟ ጀምሮ ተጋብዛችኋል። የመርሐቤቴው ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን አወጡ። አውሮፓ ተምሮ የሚመለሰውን ወጣት ስሙን ምን አሉት? አወቀ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጋ ካሳ ዳምጤ አለ፣ ሰው ግን «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። እሱ ያየውን እውነት ስለሚናገር ሰፈሩ ጉድ አደረገው። ስሙ ስለ እሱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ጠሪዎቹ የሚናገረው ይበልጣል። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ ተራኪው የሚጠራበት ስም፣ ሌሎች የሚጠሩበት ስም። ልዩነት ካለ እዚያ ላይ ቆፍሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የት ይቀመጣል፣ ምን ይለብሳል? ጦቢያ አባቷን ተከትላ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው እንደ ወንድ ለብሳ ነው። ልብሱ ሲቀየር ሰው ሁሉ የሚያያት በሌላ ዓይን ነው። ይህ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ነው፣ አስቡት። አንዲት ልጅ ልብስ ብቻ ቀይራ ዓለም የሚሰጣት ቦታ ሲገለባበጥ ማሳየት ትልቅ ሐሳብ ነው።

ሦስተኛው፦ እንዴት ይናገራል? አማርኛ እዚህ ላይ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸውን መሣሪያ ሰጥቶናል፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ማን ማንን አንቱ እንደሚል አስምሩበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀየርበትን ቦታ ፈልጉ። ለሃምሳ ገጽ አንቱ ሲል የቆየ ሰው ድንገት አንተ ካለ አንድ ነገር ፈርሷል፣ ወይ አንድ ነገር ተወልዷል። ዝምታም ንግግር ነው። ማን በሰው ፊት አይናገርም? ማን ነው ስለ እሱ የሚወራ እንጂ የማያወራ?

አራተኛው፦ ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ሰው ስለ ራሱ ብዙ ሊል ይችላል። ግድግዳ ላይ ሲጠጋ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። የሚለውና የሚያደርገው ካልገጠሙ አትደናገጡ፣ ደራሲው ተሳስቶ አይደለም። እንዲያውም እዚያ መካከል ያለው ክፍተት ነው የምትፈልጉት።

አራት። በትንሽ ጽሑፍ ላይ እጃችሁን አፍታቱ

ከትልቅ መጽሐፍ በፊት በአንድ አንቀጽ መለማመድ ጥሩ ነው። ለቅዳሜ ቡድናችን ብዬ የጻፍኩትን ልስጣችሁ። ቦታው መንዝ ነው።

«ደረጀ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ጫማውን አየ። ጭቃ ነክቶታል። አያቱ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። "መጣህ፣ ጥላዬ?" አሉ። ጎረቤቶቹ "እንግዳ መጣ፣ ወንበር አምጡ!" ተባባሉ። ወንበር መጣ። ሌላው ሁሉ መደብ ላይ ነው። ጭሱ ዓይኑን ቆጠቆጠው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አያቱ የሟች ባላቸውን በርኖስ ከግድግዳ አውርደው ትከሻው ላይ ጣሉለት። "ብርድ ነው" አሉ። "አልበረደኝም፣ እምዬ" አለ። ግን አላወለቀውም።»

አሁን ጥያቄዎቹን እናምጣ። ስም፦ ሦስት አለው። ተራኪው ደረጀ ይለዋል፣ አያቱ ጥላዬ ይሉታል፣ ጎረቤት ስሙን ትቶ እንግዳ አለው። አንድ ሰው፣ አንድ ደጃፍ፣ ሦስት ማንነት። ቦታ፦ ወንበር ክብር ነው፣ ግን ለብቻው አስቀመጠው። አክብሮቱ ራሱ አራቀው። እዚህ ላይ ማንም ክፉ አልሆነበትም፣ ይህን ልብ በሉ፤ ሰውን ባዕድ ለማድረግ ጥላቻ አያስፈልግም። አካል፦ ዓይኑ ጭሱን ረስቶታል። መጀመሪያ ያየው ደግሞ አያቱን ሳይሆን ጫማውን ነው። ንግግር፦ «አልበረደኝም» አለ። ድርጊት፦ አላወለቀውም።

ከዚህ የምናወጣው ጭብጥ ምንድን ነው? እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከቤት የራቀ ሰው ሲመለስ በአፉ እንግዳነቱን ቢይዝም፣ አካሉ የቤት ልጅነቱን ይፈልጋል።» አንዱ ጓደኛችን አልተስማማም። በርኖሱን ያላወለቀው አያቱ እንዳይከፋቸው ነው እንጂ ምንም አልተመለሰም አለ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያም ይነበባል። ይህ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወስደናል።

አምስት። «አንድም» በሉ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጽሐፍ ሲተረጉሙ አንድ ትርጉም ሰጥተው አይቆሙም። «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ከዚያ ሌላ «አንድም»። ይህ አንድምታ የሚባለው ሥርዓት ለልቦለድ ንባብም ግሩም መሣሪያ ነው፤ ቤታችን ውስጥ እያለ ከሩቅ አገር የሂስ መጽሐፍ ብቻ መፈለጋችን ያሳዝነኛል። ለምትጽፉት ጭብጥ ሁሉ ከሥሩ «አንድም» ብላችሁ ሁለተኛ ንባብ ጻፉ። ከዚያ የትኛው ብዙ ማስረጃ እንዳለው መዝኑ። «እንደፈለጋችሁ ተርጉሙ» ማለቴ ግን አይደለም። ሊቃውንቱም አንድም ያሉትን ሁሉ በንባቡ ላይ ያስደግፋሉ። ከጽሑፉ ሥር የሌለው «አንድም» ምኞት ነው።

ብዙ ሰው ሰምና ወርቅንም ያነሳል። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቅኔ ሲፈታ ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። ልቦለድ እንዲህ አይደለም። የሰብለን ታሪክ ጥላችሁ «የዘር ቆጠራ ክፋት» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ወርቁ ራሱ እጃችሁ ላይ ይደበዝዛል። እዚህ ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው።

ስድስት። የተጻፈበትን ጊዜና የሚተርክበትን ጊዜ ለዩ

ይህ አጭር ነው። ሁለት ዓመተ ምሕረት ጻፉ፦ መጽሐፉ የታተመበትና ታሪኩ የሚፈጸምበት። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ከአብዮቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ። ታሪኩ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጎጃም ውስጥ። ደራሲው ስለ ቀድሞ ዘመን እያወራ ለራሱ ዘመን ሰው ምን እያለ ነበር? ባላገሩ ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርካቸው የ1958 አንባቢ ምን ተሰማው? «አዲስ ዓለም»ንም እንዲሁ ጠይቁ። ኅሩይ አውሮፓንም ጃፓንንም ያዩ ሰው ናቸው። አወቀን ከባህሉ ጋር ሲያጋጩት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ተዝካር ሲያከራክሩት፣ እሳቸው ራሳቸው ይፈልጉት የነበረውን ለውጥ እየመዘኑ ነው።

ሰባት። ቦታውን እንደ ሰው ቁጠሩት

ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ከ«አደፍርስ» የተሻለ መለማመጃ የለም። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። መጽሐፉን በ1962 ዓ.ም. አሳተመ፤ ታሪኩም የሚፈጸመው እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ በአንድ ጉዞ አየሩ፣ እህሉ፣ የሰዉ አለባበስ ይለወጣል። ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ቦታ ነው። መጽሐፉም ውስጥ ሁለት ዓለም ይገናኛል። የከተማ ትምህርት የቀመሰው ወጣት አደፍርስ በአንድ ወገን፣ እንደ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉ በርስትና በባህል ላይ የቆሙ ሰዎች በሌላ ወገን። ቦታው ዝም ብሎ መድረክ አይደለም።

ስሙንም በአራቱ ጥያቄ እዩት። አደፍርስ ትእዛዝ ነው። ውኃውን በጥብጥ ማለት ነው። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውን ብሂል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ መጽሐፉ ሲያልቅ ጠራ ወይስ ደፍርሶ ቀረ? መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ አንብቡት። ግን መልሳችሁ ጭብጣችሁን ይወስነዋል።

መጽሐፉ ይከብዳል፣ አልዋሽም። በጣም ብዙ ምልልስ አለው፣ አንዳንዴ ማን እንደሚናገር ይጠፋባችኋል። እንዲህ አድርጉ፦ ምልልሱን ጮክ ብላችሁ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ አንብቡት። እኛ ሻይ ቤት ውስጥ እንዲያ ስናደርግ ወዲያው ተከፈተልን። ዳኛቸው ለየሰዉ የራሱን አነጋገር ሰጥቶታል። የተማረው ወጣት እንደ መጽሐፍ ይናገራል፣ የአገሬው ሰው በተረትና በምሳሌ። ማንነት እዚህ በጆሮ ነው የሚያዘው።

ከዚሁ ጋር ራሳችሁንም ፈትሹ። እኛ የዚህ አገር ልጆች ስለ አርበኞች፣ ስለ ራስ አበበ አረጋይ እየሰማን ነው ያደግነው። ስለ ጦርነቱ ዘመን የተጻፈ ልቦለድ ስናነብ አያቶቻችን ያወሩንን ይዘን እንገባለን። ይህ ሀብት ነው፣ ግን ደራሲው ያላለውን እንዳለ ሊያስመስልብን ይችላል። ደብተራችሁ ጫፍ ላይ «ይሄ ከእኔ ነው» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። አትሰርዙት፣ ለዩት ብቻ።

ስምንት። ማን ነው የሚነግረን?

ተራኪው ሁሉን አዋቂ ነው ወይስ «እኔ» ባይ? «እኔ» ካለ ያ ሰው ምን ጥቅም አለው፣ ምን ይደብቃል? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣውን «ኦሮማይ» ውሰዱ። የሚተርከው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ነው። ወደ አስመራ የሄደው ለመንግሥት ዘመቻ ወሬ ሊሠራ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሌሎችን ዓረፍተ ነገር ማሳመር ነው። ታዲያ ለእኛ ሲተርክ የራሱን ድምፅ የሚያገኘው የት ላይ ነው? ለሥራው ሲናገርና ለራሱ ሲናገር ቃላቱ ይለያያሉ? ይህን ብቻ ተከትላችሁ ሙሉ ጽሑፍ መጻፍ ትችላላችሁ። በዓሉ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ጠፋ፣ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። ይህን እያወቃችሁ ማንበብ ልብ ይሰብራል። ሆኖም የደራሲው ዕጣ የገጸ ባሕርዩ ማስረጃ አይሆንም፣ አታምታቱት።

ዘጠኝ። የአሁን ዘመን መጻሕፍት ላይ መንገዱን ቀይሩ

የቀድሞዎቹ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ መስመር አላቸው። የአሁኖቹ ብዙዎቹ የላቸውም። አዳም ረታን ስታነቡ «ታሪኩ የት ሄደ?» ብላችሁ ልትናደዱ ትችላላችሁ። እሱ አጻጻፉን ከእንጀራ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሕጽናዊነት ይለዋል። ዓይኖቹ ለየብቻ ናቸው፣ ግን አንድ እንጀራ ላይ ነው ያሉት። እንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ላይ ሴራውን አትከተሉ። የሚደጋገመውን ተከተሉ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ሽታ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ከመጣ ደብተር ላይ ይግባ። በሦስቱም ቦታ አጠገቡ ማን እንደነበረ ጻፉ። ጭብጡ በመስመር ሳይሆን በድግግሞሽ ይመጣል።

በሌላ ቋንቋ የሚጽፉ ልጆቻችንንም አትርሱ። ማዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ»፣ የጥላው ንጉሥ ማለት ነው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ ተዋጊ ሴቶች ነው። ሂሩት የምትባል አገልጋይ ከአባቷ የወረሰችው ውጅግራ አላት፣ ይወስዱባታል። ጠመንጃው ማን እንደሆነች ነው፣ ስለዚህ የተወሰደባት ብረት ብቻ አይደለም። ሌላም ሰው አለ፣ ንጉሡን ስለሚመስል የንጉሥ ልብስ ለብሶ ለሕዝቡ እንዲታይ የሚደረግ። ስሙ ማን ይመስላችኋል? ምንም። ምንም የተባለ ሰው ንጉሥ ሲሆን ከጦቢያ ልብስ መቀየር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡት። በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ልብስ ሰውን ያደርጋል?

አሥር። ሁለት መጽሐፍ አወዳድሩ

አንድ መጽሐፍ ብቻውን የማይነግራችሁን ሁለተኛው ያስወጣዋል። ግን «ይመሳሰላሉ፣ ይለያያሉ» ብላችሁ ዝርዝር አትደርድሩ፣ ያ ገበያ ነው። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ለምሳሌ የናይጄሪያው ቺንዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልቦለድ ውስጥ ኦኮንክዎ የሚባል ሰው አለ። ሕይወቱን ሙሉ አባቱን ላለመምሰል ይሮጣል። ፊታውራሪ መሸሻ በተቃራኒው የአባቶቻቸውን ክብር ላለማጣት ይጨነቃሉ። አንዱ ከአባቱ ይሸሻል፣ አንዱ አባቶቹን ይዞ አይለቅም። ሁለቱም ቤታቸውን ያፈርሳሉ። ታዲያ አባትን መምሰልም አለመምሰልም ካጠፋ፣ ችግሩ ምንድን ነው? እዚህ ጥያቄ ላይ ከደረሳችሁ ጥሩ ጽሑፍ እጃችሁ ላይ ነው።

አሥራ አንድ። አሁን ጻፉ

በጭብጡ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። «ሥነ ጽሑፍ የሕይወት መስታወት ነው» በሚል አትጀምሩ፣ እባካችሁ። ቀጥሎ ሦስት ማስረጃ፣ እያንዳንዱ ከነገጹ። ከእያንዳንዱ ማስረጃ በኋላ «ይህ የሚያሳየው» ብላችሁ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙ ተማሪ ጥቅሱን አስቀምጦ ያልፋል፣ አንባቢው ራሱ ይረዳዋል ብሎ። አይረዳውም፣ የእናንተ ሥራ ነው። ከዚያ «አንድም» ያላችሁትን ተቃራኒ ንባብ አምጡና ለምን የመጀመሪያው እንደሚሻል ተከራከሩ። ታሪኩን በሙሉ አትተርኩ። አንባቢያችሁ መጽሐፉን እንዳነበበ ቁጠሩት።

ያቺ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ደብተሯን አውጥታ አነበበችልን። «ጉዱ ካሳን እብድ ያሉት ሰዎች፣ የሰብለን ዕድሜ ሲያልፍ እያዩ ዝም ያሉት ናቸው። መጽሐፉ ውስጥ ጤነኛ የሚባለው ዝም የሚል ሰው ነው» ይላል። ከሥሩ ሦስት የገጽ ቁጥር። አንዱ ጓደኛችን ወዲያው «አንድም» አለ፣ እሷም መለሰችለት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «አደፍርስ»ን እንጀምራለን፤ ወይዘሮ አሰጋሽን እሷ ናት የምታነብልን።